ደብተሩ አንቺ ጋ ነው አይደል?

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣ ሐዋሳ

ሰላምታውን ትንሽ ላቆየውና ዋናውን ልጠይቅሽ። ያ ሰማያዊ ደብተራችን አንቺ ጋ ነው አይደል? አሥራ አንደኛ ክፍል እያለን ሽፋኑ ላይ «ጠቅላላ ዕውቀት» ብለን በትልቁ የጻፍንበት፣ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ያያያዝነው። እኔ ቤት የለም። ቁም ሳጥኑን፣ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን፣ የእማዬን የድሮ ሻንጣ ሳይቀር በርብሬያለሁ። ያለው አንቺ ጋ ነው። ብትክጂ አልምርሽም።

እሺ፣ አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽልኝ? ጠፋሁ፤ አውቃለሁ። መጀመሪያ ጊዜ አጣሁ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ማፈሬ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር። ስልኬን አንስቼ ስምሽ ጋ ስደርስ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይቅር በይኝ። ከዚህ በላይ ከቀጠልኩ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ደብዳቤውን እቀደዋለሁ። ስድቡን በስልክ እቀበላለሁ። ግን አንቺም እኮ አልደወልሽም! እሺ፣ ተውኩት።

ደብተሩን ለምን እንደፈለግኩት ልንገርሽ።

አራት ኪሎ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ሚኒ ሚዲያውን ይዞ የነበረው መምህር ተዛወረና ሥራው እኔ ላይ ተደረበ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «አንቺ መጽሐፍ መሀል ነው የምትውዪው፤ ለልጆቹ በየቀኑ አንድ አንድ ነገር ጣል አድርጊላቸው» አሉኝ። ጣል አድርጊ! እንደ ቀላል ነገር። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ፣ ልጆቹ ገና ሰልፍ ላይ እያሉ፣ ሁለት ደቂቃ ይሰጠኛል። «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እኛ ተማሪ ሳለንም እንዲሁ ነበር። ማይኩ አንገቱ ላይ በፕላስተር ተጠምጥሟል፤ «ሰ» ባልኩ ቁጥር ያፏጫል።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ድረስ እየመጡ «ቲቸር፣ የነገውን ሹክ በይን» ይሉኝ ጀመር። መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ሁላ!

ነገሩ የተሟሟቀው በሚያዝያ 27 ነው። ልጆቹ በየቀኑ የአራት ኪሎን ሐውልት እያለፉ ነው የሚመጡት፤ ምን እንደሆነ ግን ብዙዎቹ ጠይቀው አያውቁም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው አልኳቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡትም ሚያዝያ 27 ነው፤ በ1933። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። ሰልፉ ሁሉ ጉምጉምታ ሆነ። በማግስቱ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ መጣና «አያቴ ውሸት ነው ብሏል» አለኝ። አያትየው «የድል በዓል መጋቢት 28 ነው፤ እኔ ራሴ ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ማንን ነው የምታታልለው?» ብለዋል።

አያቱም ልክ ናቸው! ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው፤ በእንግሊዝ የሚመራው ጦር ቀድሞ ገብቷል። ንጉሡ የደረሱት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ደርግ ሲመጣ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። የንጉሡ መግቢያ ቀን ለደርግ እንዴት ይመቸዋል? ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ይኼን በማግስቱ በማይክ አነበብኩት፤ «አያቱን አመሰግናለሁ» ብዬ ጭምር። ልጁ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሲንጠራራ ብታዪው! ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ልጅ አያቱን ምስክር አድርጎ ይመጣል። እኔም ተዘጋጅቼ ነው የምመጣው።

ከሁሉም ግን አንዷን ልንገርሽ። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ ትረሳና ቀኑን ሙሉ ትፈልገዋለች። ሌሎቹ ወደ ክፍል ሲገቡ እሷ ወደ እኔ ትመጣለች። «ቲቸር፣ በምን ታወቀ?» ይኸው ነው ጥያቄዋ። ስለ ላሊበላ ባወራም፣ ስለ ፊደል ባወራም፣ «በምን ታወቀ?» አንዳንዴ እንዳታየኝ በመምህራን ማረፊያ በኩል ዞሬ ነው የማመልጠው።

ቁርጥ አንቺን! እኔ ደስ ያለኝን ሁሉ ደብተሩ ላይ ስገለብጥ፣ አንቺ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከየት?» ብለሽ ትጽፊ ነበር። መልስ እስካመጣ ድረስ ቀጣዩን አታስጽፊኝም። እንዴት እንደምታናድጂኝ! አሁን የሚያስፈልገኝ ያ ቀይ ቀለም ነው። ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

በልጅቷ ምክንያት ስንቱን ጣልኩ መሰለሽ። የቡናውን ነገር እይልኝ። የፍየል እረኛው ካልዲ፣ ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲጨፍሩ አይቶ ምናምን፤ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚወራው። አዘጋጅቼው ማታ ላይ የሷ ጥያቄ ትዝ አለኝና ማገላበጥ ጀመርኩ። የእረኛው ታሪክ የሚገኘው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም በታተመ የላቲን ጽሑፍ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ሰውየው ስም የለውም! ካልዲ የተባለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቡናው የእኛ መሆኑ አያከራክርም፤ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ በዱር ይበቅላል። ይኼን ተናገርኩ፤ እረኛውን ግን «ይባላል» ብዬ አለፍኩት። በሩ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ በድምፅ ማጉያው ሰምታ ተቀየመችኝ። «ካልዲ ምን አደረገሽ?» አለችኝ። ሁለተኛው ጀበና እስኪወርድ አላናገረችኝም።

በቴሌግራም የሚዞረው ደግሞ ሌላ ነው። «በዓለም ብቸኛው»፣ «በአፍሪካ የመጀመሪያው» የሚል ነገር ሳይ አሁን እንደ ተጠረጠረ ብር ብርሃን ላይ ይዤ ነው የማየው። ስለ ሩሲያዊው ባለቅኔ ስለ ፑሽኪን ቅድመ አያት ባወራሁ ጊዜ «ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ከካሜሩን ነው የሚሉም አሉ» ብዬ ጨመርኩ። የሥነ ዜጋ መምህራችን ባንዳ ሊለኝ ምንም አልቀረው። በሌላ በኩል ማንም የማያውቀው እውነተኛ ነገር ሞልቷል። የጽሕፈት ሊቃውንት «አቡጊዳ» የሚለውን የእኛን ቃል ወስደው እነ ሂንዲ ለሚጻፉባቸው ፊደላት ሁሉ የዓይነት መጠሪያ እንዳደረጉት ስንቱ ያውቃል? ልጆቹ ይኼን ሲሰሙ አጨበጨቡ፤ ለፊደል ሲጨበጨብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አሁን ደስታዬን ላውራሽ። ይኼ ደብተራችን ውስጥ የለም፤ ብትፈልጊም አታገኚውም።

በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሮም ሄደ። ግዕዝ ከመጽሐፍ ተምሯል። ቫቲካን ጓሮ የእኛ መነኮሳት የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበር። ማይኩ እዚህ ላይ እንዴት እንዳፏጨ አልነግርሽም! አባ ጎርጎርዮስን እዚያ አገኛቸው። የአማራ መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። መግባቢያቸው ግዕዝ ሆነ። አስቢው እስቲ፤ አንዱ ከመጽሐፍ የለቀመውን፣ ሌላው በቅዳሴና በንባብ ያደጉበትን ቋንቋ ይዘው ወሬ ሲጀምሩ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ የምትባል የጀርመን ከተማ ድረስ ሄደው የመስፍኑ እንግዳ ሆኑ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እሱ ይጽፋል። ስለ አገሩ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ አማርኛው። ከተለያዩ በኋላም ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቻቸው ዛሬም አሉ።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ የተሳፈሩበት መርከብ ሜዲትራኒያን ላይ ሰጠመና ሞቱ። ሉዶልፍም ኢትዮጵያን ሳያያት ነው የሞተው። ግን በ1698፣ ወዳጁ ካለፉ ከ40 ዓመት በኋላ፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። አዎ፣ «የመጀመሪያው» አልኩ። ይኼኛውን ብርሃን ላይ ይዤ አይቼዋለሁ።

ከሁለት ደቂቃዬ አልፌ ነበር። ምክትሉ ሰዓታቸውን እያሳዩ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ እኔ አላይም። ሉዶልፍ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል በአንዱ መጽሐፉ ውስጥ አሳትሞታል። አትሜ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጠፍኩት። በእረፍት ሰዓት በሩ ተዘጋ! ባለእርሳሷም በሰው ብብት ሥር ሾልካ ገብታ «ጓደኛሞች እንደነበሩ በምን ታወቀ?» አለችኝ። «ደብዳቤያቸው አለ» አልኳት። «እ፣ እሺ» ብላ ሄደች። ከሷ አፍ «እሺ» ስሰማ የደሞዝ ጭማሪ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እስክሪብቶ ያነሳሁት ያን ዕለት ማታ ነው። አገር በሚሻገር ደብዳቤ ወዳጅነታቸውን አላቋረጡም። እኔ ካርድ ሞልቼ ሐዋሳ መደወል አቃተኝ። አንቺ አባ ጎርጎርዮስ ነሽ፣ እኔ ሉዶልፍ ነኝ ልልሽ አይደለም፤ ጢምሽ አይመችም።

ደግሞ… እንዴት ልበልሽ። ስለ እሱ ጉዳይ ሰምቻለሁ። ከማን እንደሰማሁ አትጠይቂኝ። እዚህ ላይ ብዙ ጽፌ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ፤ ወረቀቱ የተፋቀው ለዚያ ነው። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። ካልፈለግሽም ስለዚያ የድሮ ብር፣ ስለ ማርትሬዛ እናወራለን።

ማርትሬዛ ስልሽ፣ ፒያሳን ብታያት አታውቂያትም። ዶሮ ማነቂያ የለም። ያ በመስኮቱ ብርጭቆ ላይ አፍንጫችንን ደፍጥጠን የምናይበት የብር ጌጥ ሱቅ የነበረበት ጋ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ መብራት ብቻ ነው። ያምራል፤ አያምርም አልልም። እኔ ግን ቦታው ላይ ስደርስ የቱ ጋ መቆም እንዳለብኝ ይጠፋኛል። መስኮቱ ውስጥ የነበረውን ብር ታስታውሺዋለሽ? ፊት ለፊቷ ወፈር ያለች ሴትዮ። 1780 ይላል ብለሽ «ይኼ ሁሉ ዘመን ሳያልቅ!» ያልሽው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሯ ግን ከሞተችም በኋላ በዚያው ዓመተ ምሕረት መታተሙ ቀጠለ፤ በቪየናም፣ በሌላ ከተማም። ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ! በእኛ አገር የጌጧን ዶቃ እየቆጠረ ነበር የሚረከበው። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ ቢያስመቱም ሰው ማርትሬዛውን አልተወም። ጣሊያን ራሱ በ1935 እ.ኤ.አ. ሊወረን ሲዘጋጅ ማተሚያውን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ያትመው ጀመር። በሴትዮዋ መልክ ሊገዛን!

ይኼን ባነበብኩ በሳምንቱ አንዲት ልጅ የአያቷን የአንገት ጌጥ በመሀረብ ጠቅልላ አመጣች። በጥቁር ክር የታሰረ ማርትሬዛ። ደረት ላይ ስንት ዘመን ተቀምጦ የሴትዮዋ አፍንጫ ጠፍቷል፣ ፀጉሯ ልሟል። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ግን ጣት ሲነካው አሁንም ይቆረቁራል። ጠረጴዛው ላይ አኖርነው። ባለእርሳሷ ጎንበስ ብላ በአጉሊ መነፅር አየችው፤ ጠርዙን በጥፍሯ ተከተለችው። «አንድ፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዜሮ» አለች። ያን ቀን ምንም አልጠየቀችኝም። ምክትሉ ግን ጠየቁ፤ «ውድ ንብረት ትምህርት ቤት ማን አምጡ አለ?» ብለው ተቆጡ። እኔ ነኝ አላልኩም፤ ግን አንቺ ታውቂኛለሽ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ርዕሰ መምህሯ ነገሩ ደስ አላቸውና ለወላጆች ቀን በትንሽ መጽሔት ይታተም አሉ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፎበት፣ በየወላጁ እጅ የሚገባ። ማይክ ላይ የተነገረውን ነፋስ ይወስደዋል። የታተመው ግን ይኖራል! እነዚያ አያቶች ሁሉ መነፅራቸውን አድርገው ሲያነቡት ታይቶኝ እንቅልፍ አጣሁ። ይባስ ብዬ ባለእርሳሷን አርታኢ አደረግኳት። ግማሹን መለሰችልኝ። በምን ቀለም እንዳትይኝ።

ስለዚህ እባክሽ። መጀመሪያ ቀይ ቀለም ያለባቸውን ገጾች ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ደብተሩን ደግሞ ወደ አዲስ የሚመጣ የምታምኚው ሰው ስታገኚ። ለሹፌር እንዳትሰጪ፣ ስለምወደው ነው። በዚያውም አንድ ሁለት አዲስ ነገር ከሐዋሳ ጻፊልኝ። ስለ ሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ ጻፊ፤ በዩኔስኮ እንደተመዘገበ አውቃለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ከዋክብት እያዩ ቀኑን እንደሚወስኑም አንብቤያለሁ። አንቺ ግን እዚያው ነሽ። ጎረቤትሽን ጠይቂልኝ፣ ስም ጠርተሽ፣ ሰው ጠቅሰሽ። ጽሕፈትሽ አይነበብም ብለሽ እንዳትፈሪ። በምኒልክ ጊዜ የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣም ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚሰራጨው፤ ያንቺንም እንደምንም እናነበዋለን።

ከሁሉም አስቀድመሽ የአበበ ቢቂላን ገጽ ላኪልኝ፤ ሰኞ ተራው የሱ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የመለስሽው አንቺ ነሽ፤ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ልጅቷ ሰሌዳው ላይ እንደገና አስልታ ያው መጣላት። ሮጦ ያመለጠው ደግሞ ጣሊያን በ1929 ከአክሱም ነቅሎ በወሰደው ሐውልት አጠገብ ነው። ሐውልቱ በ1997 ተመለሰ፤ በ2000 አክሱም ላይ ቆመ። የሐውልቱን ነገር ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘሽው ጠርዙ ላይ ጽፈሽዋል፤ ቡና ያፈሰስሽበት ገጽ ነው። ርዕሱ የሚነበብ ከሆነ ንገሪኝ።

ስልኬ ያው ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደውዪ፤ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። ስድቡንም ይዘሽ።

ያቺው ያንቺው፣
ከአራት ኪሎ